ዊልበርት በሃያ ሁለት ዓመቱ የዘፈነው

ባለፈው ወር ዴል ደወለልኝ። ዴል ከአትላንታ ወጣ ያለችው የኬኔሶ ከተማ ሰው ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ከቤቱ ምድር ቤት ሆኖ፣ በዘመናቸው ሳይወጡ የቀሩ የጥቁር አሜሪካውያን የሶል ዘፈኖችን እየፈለገ በሸክላ ያሳትማል። «ዘማሪት፣ የዊልበርት ሸክላ አልቋል፤ እንደገና ላሳትመው ነው። እንዴት እንደወጣ ሽፋኑ ላይ የሚሆን ሁለት አንቀጽ ጻፊልኝ። ጌታሁን ቢኖር እሱን ነበር የምጠይቀው» አለኝ። እሺ አልኩት። ባለቤቴ ጌታሁን ካረፈ ወዲህ ግን የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ አንዱን ስነካ ሌላው ተጎትቶ ይመጣል። ሁለቱን አንቀጽ ላክኩለት። የተረፈው ይኸው።

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር 2014 ነበር። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከጌታሁን ጋር ከተጋባን ስምንት ወር ሆኖናል። የምንኖረው አትላንታ ዳር ዶራቪል፣ ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነበር። እኔ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን እየተንከባከብኩ እሠራለሁ፤ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ለመዘምራን ኪቦርድ እጫወታለሁ። ጌታሁን ዳውንታውን ያለ አንድ የፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ ትኬት ይቆርጣል። ዲቪ ደርሶት እንደመጣ ያገኘው ሥራ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሠራተኛ ትኬት መቁረጫዋ ዳስ ውስጥ ትቶት የሄደው ራዲዮ የድሮ ሶል የሚያጫውት ጣቢያ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ጌታሁንም በቀን ስምንት ሰዓት እሱን ሲሰማ ኖረ። «እንግሊዝኛ የተማርኩት ከሶል ዘፋኞች ነው፤ ለዚህ ነው ሱፐርቫይዘሬን ሳናግረው ተመለሽልኝ ብዬ የምለምነው የሚመስለው» ይል ነበር። ከዚያ ሸክላ መሰብሰብ ጀመረ።

እኔ ያደግኩት ዘፈን በማይሰማበት ቤት ነው። በእኛ ዘንድ መዝሙር መዝሙር ነው፣ ዘፈን ዘፈን ነው፤ ሁለቱ አይቀላቀሉም። ባሌ ሸክላ ሲያጫውት የመኝታ ቤቱን በር ዘግቼ እቀመጥ ነበር። የአፓርታማው በር ግን ስስ ነው። ዘጋሁም አልዘጋሁም ሁሉንም በቃሌ ይዤው ነበር።

ዊልበርት ከፓርኪንጉ ትይዩ ያለው ፀጉር ቤት ባለቤት ነው። ጌታሁንን በየሦስት ሳምንቱ የሚቆርጠው እሱ ነበር። ስልሳዎቹን የጀመረ፣ ቀጭን፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብለጨልጭ ጥቁር አሜሪካዊ፤ ኩላሊቱ ታሞ በሳምንት ሦስት ቀን ዳያሊሲስ ይሄዳል። አንድ ቀን መቀሱን ሳያቆም «እኔም እኮ በሃያ ሁለት ዓመቴ አንድ ዘፈን ቀርጬ ነበር። ሸክላው ሳይታተም ኩባንያው ተዘጋ» ብሎ ነገረው። ዴል ደግሞ በዚያው ሰሞን የአንድ ሟች የስቱዲዮ ባለቤት ዕቃ ሲሸጥ አንድ ካርቶን የቴፕ ክር ገዝቶ፣ ከመሃሉ አንዱ ላይ «ዊልበርት፣ አንድ ዘፈን» የሚል ብቻ አግኝቶ፣ ዊልበርት ማን ነው እያለ ያገኘውን ሰብሳቢ ሁሉ ይጠይቅ ነበር። ጌታሁን የሸክላ ገበያ ላይ ጥያቄውን ሲሰማ «ዊልበርት? ፀጉሬን የሚቆርጠኝ ነው» አለው።

ከዚያ ጥበቃው ተጀመረ። ዴል የዘፈኑን ሠላሳ ሰከንድ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ፤ ከእንግሊዝና ከጃፓን ሳይቀር መቼ ነው የሚወጣው የሚል ሰው በዛ። ሸክላ ተመልሶ ፋሽን የሆነበት ጊዜ ስለነበር ማተሚያ ፋብሪካዎቹ ተጨናንቀዋል፤ ተራ ለመያዝ ብቻ ወራት ይፈጃል። አንድ ዓመት ሙሉ ባሌ ከእንቅልፉ ሲነሳ ስልኩን የሚያየው ዴል ጽፎ እንደሆነ ለማወቅ ነበር።

ፋብሪካው ከማባዛቱ በፊት ለማረጋገጫ የሚልከው የሙከራ ሸክላ የደረሰው በመጋቢት መጨረሻ፣ አትላንታ ቢጫ በምትሆንበት ሰሞን ነው። የጥድ ብናኝ መኪናውን፣ አስፋልቱን፣ የጫማ ጫፍ ሳይቀር ይሸፍናል። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሳምቡሳ ይዘን ወደ ኬኔሶ ሄድን። ጌታሁን መኪናችን መስታወት ላይ በጣቱ «ዛሬ ነው!» ብሎ ጽፎ ነበር።

በዴል ምድር ቤት አምስት ስድስት ሰብሳቢዎች ተቀምጠዋል። መርፌው ሲያርፍ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ለጸሎት የተቀመጡ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌዎች ነበር የሚመስሉት። መጀመሪያ ኦርጋን፣ ቀጥሎ ከበሮ፣ ከዚያ የዊልበርት ድምፅ መጣ፤ ወፍራም፣ የከበደ፣ ሸክም ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ዓይነት። ዘፈኑ ሲያልቅ አንዱ እንባውን ጠርጎ «ይሄን ሐዘን! በሃያ ሁለት ዓመቱ!» አለ።

እኔ ግን ጭንቀት ይዞኝ ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪው መንፈስ እንደመራው ከየትም ይነሳል፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ከሥር ከሥሩ ሮጦ ኪዩን፣ የድምፁን መነሻ ቅኝት፣ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ይህን ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ስሠራው ስለኖርኩ ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ሆነው ሳያስፈቅዱኝ ይፈልጋሉ። ያን ቀን ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ አጡ። ዘፋኝ ከኪይ ሊወርድ ይችላል። ኦርጋን ግን እንደ ክራር አይቃኝም፤ ፋብሪካ እንደሠራው ነው የሚኖረው።

ዴል እጁን እያፋተገ «እስከ ማክሰኞ ማታ ለፋብሪካው እሺ ማለት አለብኝ። ከዚያ በስድስት ሳምንት እጃችን ይገባል» አለና አንዱን ሸክላ ለዊልበርት እንድናደርስለት ለጌታሁን ሰጠው። ባሌ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ሲሆን ፊቱ እንዴት እንደሚበራ እያየሁ ምን ልበል?

ዝምታዬ የቆየው ሀይዌዩ ላይ እስክንወጣ ነው።

«ጌትዬ፣ ሸክላው ቀርፋፋ ነው።»

«ምን?»

«ከፍጥነቱ በታች ነው የሚሄደው፤ ለዚህ ነው ድምፁም የወረደው። ቴፑን ሲገለብጡት ተሳስተዋል።»

«እዚያ የነበሩት ሰዎች አርባ ዓመት ሶል የሰሙ ናቸው። አንቺ በር ዘግተሽ ነው የሰማሽው!»

«በሩ ስስ ነው።»

ሳይፈልግ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ተቆጣ። «ዴል አልቀበልም ካለ ፋብሪካው እንደገና ተሰለፍ ነው የሚለው። ስድስት ወር፣ ሰባት ወር! ዊልበርት በኩላሊት ማሽን ነው ያለው፣ ዘማሪት! እስከዚያ ባይቆይስ? ትንሽ ቀረፈፈች ብለሽ ሸክላውን ሳያይ እንዲሞት ትፈልጊያለሽ?»

ያለው እውነት ነበር።

ቤት ስንደርስ ግን የመዘምራኑን ኪቦርድ ከሳጥኑ አወጣሁ። ለልምምድ እኔ ዘንድ ነበር የሚቀመጠው። ጌታሁን በሩ ላይ ቆሞ «የጌታን ኪቦርድ ለዘፈን?» አለኝ፣ ኩርፊያው ሳይለቀው።

«አልጫወትም። ኪይ ነው የምፈልገው።»

ሸክላውን አስጀመረው። ነጩን ቁልፍ ስነካ ዘፈኑ ከፍ ይላል፣ ቀጥሎ ያለውን ጥቁሩን ስነካ ዝቅ ይላል፤ በሁለቱ መሃል ነው የወደቀው። ጌታሁን ሁለት ሦስት ጊዜ እንድመታው አደረገኝ። ከዚያ ሸክላ ማጫወቻው ላይ ያለችውን የፍጥነት ማስተካከያ በጣቱ ቀስ እያለ ገፋት። ዘፈኑ ከፍ፣ ከፍ አለና ከጥቁሩ ቁልፍ ጋር ገጠመ። ያ ዳገት ሲወጣ የነበረው ሰው ሸክሙን ጥሎ ቁልቁል ሲሮጥ ሰማነው። ድምፁ ቀጠነ፤ ልጅ ሆነ። መጨረሻው አካባቢ ላይ እየዘፈነ እንደሚስቅ እንኳን ያን ጊዜ ነው ያወቅነው።

ጌታሁን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ለዊልበርት አንንገረው» አለኝ። «እሱ ከወደደው፣ አንንገረው።» እሺ አልኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ዊልበርት ፀጉር ቤቱን ከመክፈቱ በፊት ማጫወቻውን ይዘን ሄድን። ዊልበርት ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ራሱ ወጥቶ ተቀመጠና እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማ።

«መልካም ነው» አለ በትሕትና። «ደህና አድርጎ ዘፍኗል።»

ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ነበር የሚመስለው። እኔ ቃሌን ጠብቄ ወለሉን አየሁ። ለዴል «ወዶታል» ብሎ መደወል ብቻ ነበር የቀረው።

«ሚስተር ዊልበርት፣ አንዴ ብቻ ደግመው ይስሙልኝ» አለና ጌታሁን ራሱ ማስተካከያዋን ገፋት።

ዊልበርት ሁለተኛው መስመር ላይ ሳይደርስ ከወንበሩ ወረደ። ያ የሚያብለጨልጭ ጫማው ወለሉን መምታት ጀመረ። «እኔ ነኝ! ይሄ እኔ ነኝ!» አለ። «ያን ቀን ሥራ ረፍዶብኝ ነበር፤ ፍጠኑ እያልኩ ነው የዘፈንኩት! ቅድም ስሰማው ምን ሆኜ ነው እንዲህ የከበደኝ እያልኩ ነበር። ሚስት ጥላኝ የሄደች መሰለኝ። ያኔ እኮ ገና አላገባሁም!»

ሳቁ ሲያባራ ጌታሁን ነገሩን ሁሉ አስረዳው፤ ፋብሪካውን፣ ተራውን፣ ወራቱን። «እስከዚያ ደግሞ…» ብሎ ቆመ።

«እስከዚያ ፀጉርህን እየቆረጥኩ እጠብቃለሁ» አለው ዊልበርት። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «ልጄ፣ ለዴል ንገሪው። አርባ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ። ሳላረጅ አሮጌ አድርጎ እንዳያወጣኝ።»

ለዴል የነገርኩት እኔ ነኝ። የቴፕ ማጫወቻውን የጠገነው ራሱ ነበር፤ ፍጥነቱን አልለካውም። «ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ!» አለ። ከሰብሳቢዎቹ አንዳንዱ ተቀየመ፤ የቀርፋፋው ሐዘን ይሻል ነበር ብሎ እስከ ዛሬ የሚከራከር አለ።

ጥበቃው እስከ ኅዳር ሄደ። እኔ በሕይወቴ እንደነዚያ ወራት ያማረ ጊዜ አላስታውስም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመንገድ ዳር ኮክ፣ አንዳንዴም በጨው የተቀቀለ ትኩስ ኦቾሎኒ ገዝተን ፀጉር ቤቱ እንሄድ ነበር። ዊልበርት ደንበኞቹን እየቆረጠ ስለዚያ ስቱዲዮ ያወራል፤ ጌታሁን ይጠይቃል፣ ያቋርጠዋል፣ ይከራከረዋል። ሐምሌ ላይ ዊልበርት ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ገባ። ያን ጊዜ ጌታሁን ምግብ አልወረደለትም፤ እኔም አዋቂ ነኝ ባይነቴን ረገምኩት። ዊልበርት ግን ተሽሎት ወጣ። ሸክላው ሲመጣ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ስሙን በጣቱ እየተከተለ አነበበና «ልጁ ደረሰ» አለ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ኖረ። ወደ ፀጉር ቤቱ የገባ ሰው ሁሉ ሳይሰማው አይወጣም ነበር።

ጌታሁን ያረፈው ዓምና ነው፣ ድንገት፣ በልቡ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ መልካም ቃል ተናግሯል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ባለፈው እሁድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት እህት እጄን ይዛ «ጌታሁን እኮ ረጋ ያለ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ተቆጥቶም አያውቅ» አለችኝ። ቀድሞ ቢሆን አሜን ብዬ አልፍ ነበር።

«ኧረ እቴ!» አልኳት። «ጌታሁን? ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የሚመልስ፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ መኪና ሳያቆም የሚታረቅ ሰው ነበር። ምግብ ሳይበርድለት ጎርሶ በየቀኑ አፉን ይቃጠል ነበር።»

መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ «እውነትሽን ነው፤ አንዴ እኔንም ፓርኪንግ ላይ ጮሆብኛል» አለችና ሳቀች። ሁለታችንም እየሳቅን ቆምን፤ እሱም ለጥቂት ጊዜ በልኩ፣ በራሱ ፍጥነት፣ አጠገባችን ነበር።