ሁለት ተወዳዳሪ፣ አንድ ጥማድ በሬ

ረቡዕ ንጋት፣ ባሕር ዳር

ከቤት የወጣሁት ወፍ ሲንጫጫ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ መናኸሪያው ጨቅይቷል። ረዳቱ "ወረታ፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን" እያለ ይጣራል። ታሪፉ ጨምሯል፤ አንድ ሰውዬ ተከራክሮ ተከራክሮ ከፈለ፣ እኛም ዝም ብለን ከፈልን።

ድምፅ የሰጠሁት ሰኞ ነው፤ የአውራ ጣቴ ቀለም ገና አልለቀቀም። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶ "እማማ፣ ማንን መረጡ?" አለኝ። የመረጥኩትን ነው አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እሱም ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም።

የምሄደው ቁሐር ሚካኤል፣ ታናሽ ወንድሜ አስማረ ዘንድ ነው። አስማረ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው፤ መሬትም ስላለው ያርሳል። ዘንድሮ ለክልሉ ምክር ቤት በግሉ ተወዳደረ። ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ጎረቤቱ ይርጋ ነው። ሁለቱም ያላቸው አንድ አንድ በሬ ነው። ለብዙ ዓመት በሬዎቻቸውን አቀናጅተው የሁለቱንም ማሳ በጋራ ሲያርሱ ኖረዋል። የማን ማሳ እንደሚቀድም በየዓመቱ ይፈራረቃሉ። ቀንበሩ አስማረ ቤት፣ ሞፈሩና ማረሻው ይርጋ ቤት ይቀመጣል። አንዱ ያለሌላው ትልም ማውጣት አይችልም።

ትናንት የአስማረ ሚስት ትርንጎ ደወለችልኝ። ይርጋ አሸንፏል፤ በገዛ መንደራቸው ሳይቀር በልጦታል። ከቅስቀሳው ጀምሮ ሁለቱ አይነጋገሩም። "እትየ፣ ሰው ሁሉ ሩዙን ዘርቶ ጨረሰ፤ የእኛ ማሳ ጦም ሊያድር ነው። እርስዎን ይሰማል፣ ይምጡልን" አለችኝ።

ዓባይን ተሻገርን። ባሕር ዛፍ፣ የማንጎ ቅርጫት፣ ባጃጅ፣ አህያ። ኬላው ላይ ወርደን ተፈተሽን፤ መንገዱ ሰላም ነው ብለው አሳለፉን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ወገቧን ልትታጠብ ወንዛዬ ፍል ውኃ ትሄዳለች። ሐሙሲት ላይ ቆሎ ገዝታ አካፈለችኝ፤ ጥቂት ቆንጥሬ ቀሪውን በመሐረቤ ቋጠርኩት። ጉማራ ድልድይ ላይ ስንደርስ ውኃው ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ወንዙ ከሞላ ሜዳው ላይ ለመውጣት ጊዜ አይፈጅበትም። ያልተዘራ ማሳ ደግሞ ውኃ ከተኛበት የዓመቱ ነገር አለቀ።

ረፋድ፣ ወረታ

ወረታ በሩዝ መፈልፈያ ጩኸት ነው የሚቀበለው። በየወፍጮው ደጃፍ ገለባው ተከምሯል፤ ነፋሱ ያነሳና ሰው ፀጉር ላይ ይበትነዋል። ስኳርና ቡና ልገዛ ሐጂ ሱቅ ገባሁ። ሐጂ ከአባታችን ጀምሮ ያውቁናል። ውጤቱን ሰምተዋል። እኔ ያልሰማሁትን የጠቡን መነሻ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

በገበያ ቀን ነው አሉ። አስማረ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ መስኖ አማረ ተናገረ። መጨረሻው ላይ ጭብጨባው ሞቅ ሲለው፣ "አንድ በሬ ይዞ ምክር ቤት እገባለሁ የሚልም አለ" አለ። ሰው ሳቀ። ይርጋ እታች ሕዝቡ መሀል ቆሞ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ "እውነቱን ነው። ሁለተኛው የእሱ ነው" አለ።

"ገበያው በሳቅ ፈረሰ በይኝ" አሉ ሐጂ። "ሚዛን የያዘው ሚዛኑን ጣለ። ምርጫው ያን ቀን አለቀ፤ ሰኞ ቀለም መንከር ብቻ ነበር የቀረን።"

እንዳልስቅ ብዬ የስኳሩን ከረጢት ማገላበጥ ያዝኩ።

ከሰዓት፣ ቁሐር ሚካኤል

ባጃጁ ጭቃው እስከፈቀደለት ወሰደኝ፤ ከዚያ በእግሬ። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ጫማ ይዞ ያስቀራል። ግራና ቀኝ ሩዙ ብቅ ብሏል፣ ቀጭን አረንጓዴ። መሀል ላይ ሁለት ማሳዎች ብቻ አረም ለብሰው ቆመዋል። የማን እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

አስማረ ሳመኝና ስለ ጉዞው ጠየቀኝ፤ ስለ ምርጫው አላነሳም። ትርንጎ ጤፍና ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ በሽሮ አቀረበች። እሱ ሁለቴ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ። በሬው ቡሬ ከደጅ ታስሮ ያመነዥካል።

ቆይቶ ራሱ ጀመረ። ውጤቱን አምኖ ፈርሟል፤ በሽንፈቱ ቅሬታ የለውም። የከበደው ሌላ ነው። አምና የቀደመው የእሱ ማሳ ነው፤ ዘንድሮ ተራው የይርጋ ነው።

"በሬዬን ነድቼ ብሄድ፣ ላሸነፈው ሊያርስ ሄደ ይሉኛል። ብቀር ደግሞ አኮረፈ ይሉኛል። ምን ላድርግ እትየ?"

"ሁለቱንም ይሉሃል" አልኩት። "ዓርብ ግን በዓል ነው። ከዚያ ቅዳሜና እሑድ ናቸው፤ በሬ አይጠመድም። ጉማራን እያየሁት ነው የመጣሁት።"

ይህን ብዬ የገዛሁትን ስኳርና ቡና ለትርንጎ ልሰጥ ተነሳሁ።

ሐሙስ ጠዋት

ስነቃ አስማረ ቀንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ከበሬው ጋር ቆሟል። "አብረሽኝ ነይ" አለኝ። ጉልበቴ እያመመኝ ተከተልኩት። ትርንጎ ከበር ላይ ሆና አማተበች።

መንገዱ ላይ ሰው ይመጣ ነበር። ይርጋ ነው፤ በሬው ቦቃ ከፊቱ፣ ሞፈርና ማረሻው ትከሻው ላይ። ሁለቱም ቆሙ። በሬዎቹ ግን አልቆሙም፤ ተጠጋግተው አንዱ የሌላውን አንገት መላስ ጀመሩ። ሰዎቹ በሬዎቹን ያያሉ።

"ወዴት ነው?" አለ አስማረ።

"ወደ አንተ ማሳ ነዋ።"

"ዘንድሮ ተራው ያንተ ነው።"

"የእኔ ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ ይቆየኛል። ያንተን ውኃ ይወስደዋል።"

"ተራ ተራ ነው፤ ስላሸነፍክ ተራ ይለወጣል?"

"አንተ ሰውዬ፣ መሸነፍህን እንኳ በትክክል አትሸነፍም?" አለና ይርጋ ወደ እኔ ዞረ። "እትየ የሺ፣ እርስዎ ይፍረዱን።"

"ታችኛው ይቅደም" አልኩ።

አስማረ መሬት መሬት እያየ ነበር። "ገበያ ላይ ያልኩትን..." ብሎ ጀመረ።

"እሱንማ እንዳትመልሰው" አለ ይርጋ። "ምክር ቤት ያስገባኸኝ አንተ ነህ።"

የአስማረ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደንግጬ ሳይ ይስቃል።

ታችኛው ማሳ ላይ በሬዎቹን ጠመዱ፤ ይርጋ እርፉን ያዘ፣ አስማረ ዘሩን እየበተነ ተከተለ። በማዶ ማሳ ያለ ሰው "የተከበሩ! ጭቃው አይከብድም?" ብሎ ተጣራ። ይርጋ ሳይዞር "ይከብዳል፤ መራጭ ይምጣና ያግዝ" አለው። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አየሁ። ትልሙ ቀጥ ያለ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ወደ ቤት

ወረታ ላይ ምስር ወጥ አዘዝኩና ሳህኑን ጨረስኩት። የመመለሻው ሚኒባስ ሞልቶ ተጨናንቀን ሄድን። ሐሙሲት ልንገባ ስንል ትርንጎ ደወለች። የታችኛው ማሳ አልቋል፤ በሬዎቹ ጥቂት አርፈው ወደ ይርጋ ማሳ ተሻግረዋል። ሁለቱ ሰዎች አሁንም ይጨቃጨቃሉ፤ የዘሩ አበታተን ሳስቷል አልሳሳም በሚል ነው። ደግ ነው አልኳት።

ስልኩን ሳልከተው ዝናቡ ጣለ። መጀመሪያ ጣሪያውን አንኳኳ፣ ከዚያ ወረደ። ረዳቱ መስኮት ዝጉ አለ፤ ሁሉም ዘጋ። እኔ ግን አሁን ዝናቡን አልፈራሁትም፤ በጎኔ ያለውን ጣት የሚያስገባ ያህል ክፍት ተውኩት። እጅጌዬ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ራሰ።