ለብርቱካን የመጡት ሽማግሌዎች

ኧረ ጉዴን ልንገራችሁ! የእህቴ ልጅ ብርቱካን ደብረ ታቦር ከአንዲት ትንሽ ኮሌጅ ትማራለች። ድንቻችን ሲደርስ ቆፋሪ ሰው አጣሁና «ትምህርቱ የትም አይሄድ» ብዬ እዚሁ ጉና አስቀረኋት። ሦስት ሳምንት ሙሉ እያኮረፈች ቆፈረች። እኔም «አይዞሽ፣ ይኼም የድንች ዲፕሎማ ነው» እያልሁ አበሽቃት ነበር።

አንድ እሑድ ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጄ ላይ ተገተሩ። ግቡ ብላቸው አይገቡ፣ ተቀመጡ ብላቸው አይቀመጡ። ይኼ እንግዲህ የልጅ ጠያቂ ሽማግሌ ወግ ነዋ!

«አያ ምትኩ፣ ስለ ብርቱካን ነው አመጣጣችን...» አሉ ትልቅየው። አላስጨረስኋቸውም።

«ተማሪ እኮ ናት! ኮሌጇን ሳትጨርስ ለንጉሥ ልጅም አልሰጥ!»

«ይምሉልናል?»

«ማርያምን!»

ሦስቱም ተሳሳቁና ገብተው ቁጭ አሉ።

«እግዜር ይስጥልን። እኛ የኮሌጁ አስተማሪዎቿ ነን። ስንደውል ስልክ አላነሱ ቢሉን፣ ትመለስና ትጨርስ ብለን ልንለምንዎ ነው የመጣን።»

አፌን ከፍቼ ዞር ስል ብርቱካን ጫማዋን አስራ፣ ቦርሳዋን አንግታ ከጓዳ ብቅ አለች።

«በሉ ጋሼ፣ ለቀረው ድንች በርቱ!»