ጭቃው የማይለቅ መኪና

በዚያ የጦርነት ክረምት መርሳ ከተማ፣ ቤታችን ውስጥ የነበርነውን አስቀድሜ ልጥራ። አባቴ ነበር፤ ዕድሜውን በሹፌርነት ጨርሶ ጉልበቱ ሲከዳው ቤት የዋለ። እናቴ ነበረች። እኔ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ከወልድያ ሲሸሽ እሷ ግን ወደ ወልድያ የምትሄድ፣ አንድ ሌሊት ያሳደርናት ሴትም ነበረች፤ ስሟን አልጠየቅናትም። ታላቅ ወንድሜ አልነበረም።

ቁም ሳጥኑ ላይ ደግሞ ትንሿ መኪናዬ ነበረች። መዳፍ የማትሞላ የብረት ሞዴል ናት፤ የድሮ የጃፓን የራሊ ውድድር መኪና። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ፣ እሱ በኮንትራት የሚሠራባት አሮጌ መኪናም ከዚያው ዓይነት ስለሆነች ነው። ከሥሯ፣ ከእውነተኛዋ አርባ ሦስት ጊዜ እንደምታንስ ተጽፏል። አላመንኩም፤ የወንድሜን መኪና በሜትር፣ ሞዴሏን በማስመሪያ ለክቼ አካፈልኩ። ልክ ነው። የምትለየው መሪዋ በቀኝ በመሆኑና በጎኗ ላይ በተቀባው የውድድር ጭቃ ነው። አንድ ቀን እናቴ ያንን ጭቃ በእርጥብ ጨርቅ ስትፈትግ ደረስኩባት።

«አይለቅም እኮ ይኼ።»

«ቀለም ነው እማዬ።»

«ቀለም ገዝቶ መኪና የሚያቆሽሽ ሰው አለ?»

ከዚያ ወዲህ ከመስታወት መሰል ክዳኗ አላወጣኋትም። ወንድሜ፣ «ቤቱ ቢቃጠል እሷን ታወጣና እኔን ትረሳኛለህ» እያለ ያላግጥብኝ ነበር።

ጦርነቱ ሲቀርብ ወንድሜ ተሳፋሪ ለማድረስ ወልድያ ሄዶ ነበር። የስልክ መስመር ተቋረጠ። በእኛና በወልድያ መካከል ካለችው ከሲሪንቃ በኩል የመጡ ሰዎች ግን አይተውታል። ሲመለስ ቤንዚን አልቆበት አስፋልቱ ዳር ቆሟል፤ ና አብረን እንሂድ ቢሉት እምቢ ብሎ መኪናው ውስጥ ያድራል። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ደግሞ በየቀኑ ወደዚያው ይጠጋል። እምቢ ያለበትን ምክንያት እናውቃለን። አባቴ መንዳት ሲያስተምረው አስቀድሞ የነገረው፣ ሹፌር መኪናውን ጥሎ አይሄድም የሚለውን ነው።

ያን ምሽት አባቴ እንግዳዋን ጠየቃት፦ «ልጄ፣ ነገ በሲሪንቃ ነው የምታልፊ?»

«በዚያው ነው አባባ። ልጄ ወልድያ አክስቷ ዘንድ ናት።»

«መንገድ ዳር መኪና ሙጥኝ ያለ አንድ ሞኝ ታገኛለሽ። አባትህ ጥለሃት ና ብሏል በይው።»

«እሺ ይለኛል?»

«አይልሽም። እኔው ነኝ እንዲህ ያደረግሁት።»

ከዚያ አባቴ ወደ ቁም ሳጥኑ አየ። ገባኝ። ትንሿ መኪና ከእጄ እንደማትወጣ ወንድሜ ያውቃል፤ ካያት መልእክቱ የእኛ መሆኑን አይጠራጠርም። ክዳኗን አንስቼ፣ ከሥር የያዛትን ብሎን በቢላ ጫፍ ፈትቼ ከመቆሚያዋ አላቀቅኳትና ለሴትየዋ ሰጠኋት።

«በጎማዋ ያዣት። የጎን መስታወቶቿ ቀጫጭን ናቸው።»

«እኔን ጥይት ያግኘኝ፣ መስታወቷ ብቻ ይዳን በለኛ» አለችኝ። እናቴ ሳቀች፤ እኔ አፈርኩ። ሴትየዋ ሞዴሏን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት።

ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ ወጣች። አባቴ፣ «አላህ ከልጅሽ ያገናኝሽ» ብሎ መረቃት፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ከሲሪንቃ በኩል በተተኮሰ ቁጥር እጁ ጉልበቱን ይጨብጣል። ምሳ ቀረበለት፤ አልበላም።

በማግስቱ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ለመግሪብ ሶላት ሲቃረብ ወንድሜ በእግሩ መጣ። አስፋልቱን ትቶ በማሳ ለማሳ ስለመጣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። የመኪናውን ቁልፍ አባቴ እግር ሥር አስቀመጠ።

«ጣልኳት፣ አባ።»

«እንኳን ጣልካት» አለው አባቴ።

እናቴ ውኃ አምጥታ እግሩን ማጠብ ጀመረች። «ይኼስ ይለቃል» አለች።

ሞዴሏን ከኪሱ አወጣልኝ። የግራ መስታወቷ የለም። ሴትየዋን አብረን እንመለስ ብሎ ለምኗት ነበር። «አንተን ቤትህ ጠርቶሃል፤ እኔንም የምትጠብቀኝ አለች» ብላ፣ ተኩሱ ወዳለበት ወደ ሰሜን ሄደች። መንገዱ ሲከፈት የወንድሜ መኪና ከቆመችበት ተቃጥላ አገኘናት። ስለ ሴትየዋ የሰማነው የለም።

አረንጓዴ ሻሽ አስራ፣ በቀሚሷ ላይ ሰፊ የወንድ ሹራብ ደርባ ነበር። ቀኝ ቅንድቧ ላይ አጭር ጠባሳ አላት። ያን ሰሞን ከሲሪንቃ እስከ ወልድያ ባለው መንገድ ላይ የነበራችሁ፣ ያያችኋት ካላችሁ እዚህ ጽሑፍ ላይ ጨምሩልኝ፤ ልጇ ዘንድ ደርሳ እንደሆነ፣ ስሟም ማን እንደነበር።