የተፍኪን ጦርነት ኮምፒውተር ላይ ስሠራ

ሰበታ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ የሱቁ ባለቤት ሐጂ ሰማን አንድ የሞተ ኮምፒውተር ፊቴ አስቀምጠው «ይሄን ካስነሳህ ተቀጥረሃል» አሉኝ። ክዳኑን ፈታሁ፣ ሚሞሪውን አውጥቼ ጠርጌ መለስኩ፣ ፓወር ሰፕላዩን ቀየርኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ በላብ ከተጠመቅኩ በኋላ ሐጂ ጎንበስ ብለው ሶኬቱን ሰኩት፤ ኮምፒውተሩ ተነሣ። «ከአንተ በፊት የመጡት ሦስቱም ዲግሪ ነበራቸው፤ እነሱም አላዩትም» ብለው ቀጠሩኝ።

ከፊት ለፊት ፎቶ ኮፒና ጥገና ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ስድስት ኮምፒውተሮች በኬብል የተያያዙበት ጌም ቤት። እኔ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ሸሽቶ ከመጣ ቤተሰብ ነኝ፤ ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር።

ዋናው ደንበኛችን ገመቹ ከሰበታ አለፍ ብላ ያለችው የተፍኪ ልጅ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፣ በተሸነፈ ቁጥር ማውሱን ይወቅሳል። የሚወደው የድሮ ጦርነት የሚያጫውት ጌም ነው። ሠራዊት ታሰለጥናለህ፣ ምሽግ ትይዛለህ፣ የያዝከው መሬት በቀለምህ ይቀባል።

«ሶሎ፣ እስከ መቼ የፈረንጅ ግንብ ስናፈርስ እንኖራለን?» አለኝ አንድ ቀን። «አያቶቻችን ተፍኪ ሜዳ ላይ የተዋጉትን ለምን አትሠራልንም?»

«ማን ከማን ጋር ተዋጋ?»

«እሱን እኔ እነግርሃለሁ፤ አንተ ፈረስ ብቻ አዘጋጅ።»

እንዲህ ያለው ሥራ ሞድ ይባላል። የሌላ ሰው ጌም ትከፍትና የራስህን ታሪክ ታስገባበታለህ። ፋይሎቹ ተራ ጽሑፍ ናቸው፤ የወታደሩ ስም፣ ፍጥነቱ፣ የመሣሪያው ጉልበት በየመስመሩ ተዘርዝሯል። ብረት ለባሹን ፈረንጅ ነጭ ሱሪና ኩታ አለበስኩት፣ ጋሻና ጦር አስያዝኩት። በመጀመሪያው ሙከራ አንድ መስመር ዘልዬ ኖሮ ፈረሶቹ ጋላቢዎቻቸውን ትተው ብቻቸውን ዘመቱ። ገመቹ «ከሰዎቹ እነሱ ይሻላሉ» ብሎ አንድ ሙሉ ውጊያ በባዶ ፈረስ አሸነፈ።

ካርታው ላይ ግን መቀለድ አልፈለግኩም። ተፍኪ ድረስ ሄጄ ሜዳውን በእርምጃ ለካሁ፤ ወንዙን፣ ኮረብታውን፣ መሻገሪያውን ደብተሬ ላይ ሣልኩ። በአራት ትልልቅ ወረቀቶች አትሜ ከፎቶ ኮፒው ማሽን በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ገመቹ በነገረኝ መሠረት፣ ዘምቶ የመጣው ደጃዝማች ይዞታ ቀይ፣ የተፍኪ ሰዎች አረንጓዴ። ጦሩ የሚሄድበት በጥቁር መስመር፣ የፈረሰኛው ብዛት በቁጥር። ኮራሁበት።

እንግዲህ ጊዜውን አስቡት። ማስተር ፕላኑ አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር ያያይዛል ተብሎ፣ ገበሬው መሬቴ ሊሄድ ነው ብሎ የተነሣበት ሰሞን ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ልጆች ይታሰራሉ፤ የሞቱም ነበሩ። የሰበታ ሰው ሁሉ ስለ ማስተር ፕላኑ ካርታ ያወራል፤ ካርታውን በዓይኑ ያየ ግን የለም። እኔ ብልሁ ደግሞ ባለቀለም ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ የሰው መታወቂያ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ።

ካርታውን በሰቀልኩ ማግስት ኦቦ ቱሉ አራት ሰዎች አስከትለው ገቡ። የሱቁን ቤት ያከራዩን እሳቸው ናቸው፤ እርሻቸው ተፍኪ ነው። ወትሮ «አካም ጅርታ፣ ሶሎ» ሳይሉኝ አያልፉም ነበር። የዚያን ቀን ስሜን አልጠሩም።

«ይሄ ቀይ የማን ነው?» አሉ በከዘራቸው እየጠቆሙ።

«የደጃዝማቹ ነው፣ ኦቦ።»

«የትኛው ደጃዝማች? ቢሮው የት ነው?»

«ከሞቱ ቆይተዋል።»

«ታዲያ ለሞተ ሰው ማን መሬት ሰጠው? ይሄ መስመርስ?»

«ጦሩ የሚመጣበት ነው።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ከኋላቸው የቆሙት ሰዎች ተያዩ። «ላፋ ኬኛ!» አለ አንዱ፤ መሬታችን ማለቱ ነው። ሐጂ መሐል ገብተው «ወላሂ ጨዋታ ነው፣ ኦቦ ቱሉ!» ቢሉ ጭራሽ ነገሩን አባሱት።

«በእኔ ማሳ ነው የምትጫወቱት?» አሉ ኦቦ። «እስከ ነገ ሱቁን ልቀቁልኝ።»

ፈራሁ። በዚያ ሰሞን የመሬት ካርታ ይሥላል የሚል ወሬ የወጣበት ሰው ሰበታ ውስጥ መኖር አይችልም፤ እኔ ደግሞ ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። ከፍርሃቱ በላይ ያንገበገበኝ ግን ኦቦ ቱሉ እኔን እንደ ባዳ ማየታቸው ነው።

ያዳነን ጩኸቱን ሰምቶ ከጌም ቤቱ የወጣው ገመቹ ነው። በኦሮምኛ ብዙ ካስረዳቸው በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ ወስዶ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጣቸው። ቀዩን ጦር እሱ ያዘ፣ አረንጓዴውን ለእሳቸው ሰጠ። ኦቦ ማውሱን እንደ ጊንጥ በሁለት ጣት ያዙት።

«ውጊያው በየትኛው ወር ነው?» አሉኝ።

«ሐምሌ።»

«ሐምሌ ላይ ተፍኪ ፈረስ ይሮጣል? ሰው ራሱ ጫማውን ረግረጉ ውስጥ ጥሎ ነው የሚወጣው።»

ረግረጉ የትና የት እንደሆነ በጣታቸው አሳዩኝ፤ የፈረስን ፍጥነት የሚወስነውን የፋይሉን መስመር እዚያው አስተካከልኩ። ገመቹ እንደ ልማዱ ፈረሰኛውን በሙሉ ለቀቀ። ሁሉም ጭቃው ውስጥ ቀረ። ኦቦ በእግረኛ አንድ በአንድ ለቀሙት። ተቆጥተው የመጡት አራቱ ሰዎች በሳቅ ፈረሱ፤ ሐጂም ጭምር። ገመቹ «ማውሱ ነው» አለ።

ውጊያው አለቀና ሜዳው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ።

«አሸነፉ፣ ኦቦ! መሬቱ በሙሉ የእርስዎ ነው» አልኳቸው።

ማውሱን ለቀቁት። «አሁን እዚህ የሚያርሰው ማነው?»

«ጌሙ ገበሬ የለውም፣ ኦቦ።»

«በዚያኛውም የመንግሥት ካርታ ላይ የለም ይላሉ» አሉ።

ሱቁን አላስለቀቁንም። ካርታውን ከግድግዳው አወረድኩ። ኦቦ ቱሉ ለሁለት ሳምንት ያህል እየመጡ ከጎኔ ተቀምጠው ማሳውን፣ ጎጆውን፣ ከብት የሚጠጣበትን ነገሩኝ፤ ጌሙ ውስጥ በየማሳው ላይ የባለቤቱን ስም ጻፍኩ። ጦር ሲያልፍበት ሰብሉ እንዲጠፋ፣ ያጠፋውም ወገን ስንቅ እንዲያጥረው አደረግኩ። እሳቸው ግን ሁለተኛ አልተጫወቱም።

ከዚያ ወዲህ የሱሉልታንም የቡራዩንም ውጊያ ሠርቻለሁ። ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው፦ ካርታ ስትሠሩ መጀመሪያ የሚኖርበትን ሰው አስገቡ። ሠራዊቱ በኋላ ይደርሳል።