በዶና ሉርደስ ቤት እንግዳ በር አይከፍትም

ከደሴ የወጣሁበት ሌሊት ዝናብ አልነበረም። ስለ መለየት የሚጽፉ ሰዎች ዝናብ ማዝነብ ይወዳሉ፤ እኔ ያልነበረውን አልጨምርም። አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሣ ሻንጣዬን በጨለማ አወጣሁ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። የተኛች መስላ ነበር ብል ይበልጥ ትክክል ነው፤ ከእርሷ ጋር በአንድ ክፍል ያደግሁ ልጇ ነኝና የእንቅልፍ ትንፋሿን ከንቃቷ ለይቼ አውቃለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ይርጋ በሹክሹክታ፣ «ልቀስቅሳት እንዴ?» አለኝ።

«አትቀስቅሳት» አልኩት። መሰናበት እንዳልፈለገች ገብቶኛል፤ ፈቃዷን አከበርኩ።

በረንዳው ላይ ሻንጣውን ሊሸከም ሲያጎነብስ እጁን ያዝኩት። «ስማኝ። እማዬ አንድ ነገር ከሆነች በዚያው ዕለት አንተ ራስህ ደውለህ ንገረኝ። ሰው ሰብስበህ በማለዳ በሬን እንዳታስቆረቁር። መርዶ የሚባል ነገር አልፈልግም።»

«እሺ፣ እታለም።»

«ማል።»

«እማዬ ትሙት!» አለ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ ኳስም ስለ ስኳርም የሚምለው በዚህ ነው። በምን እንደማለ ሁለታችንም ሰማን። እጆቹ በሻንጣው ስለተያዙ የግቢውን በር መቀርቀሪያ ስቤ የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ብረቱ ይቀዘቅዝ ነበር።

በዲቪ የመጣን ሰዎች መንገዳችን አጭር ነው፤ በበረሃ የሄዱት ፊት ስለ አውሮፕላን ወንበር ማማረር ነውር ነው። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። እዚህ ፍሪሞንት በሚገኝ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ የጠርሙስ ክዳን ስለመጥበቁ አረጋግጣለሁ። የማረጋግጠው ክዳኑን ነው፤ በውስጡ ያለው ነገር የሌላ ሰው ሥራ ነው።

ኦክላንድ ውስጥ የሚከራይ ክፍል ሳፈላልግ ያገኘኋት ዶና ሉርደስ ናት። ዶና እንደ እኛ «እትዬ» ማለት ነው። ብራዚላዊት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ድምፀ ጎርናና፣ አጭር ሴት። ስለ ሥራዬ ምንም ሳትጠይቀኝ በቀጥታ፣ «በቀን ስንት ጊዜ ትታጠቢያለሽ?» አለችኝ።

«ይህ በኪራይ ውሉ ውስጥ አለ?»

«ውሉ ውስጥ የለም፤ ቤቴ ውስጥ ግን አለ። ጠዋት ለንጽሕና፣ ማታ ለክብር። የእናትሽ ስም ማነው?»

«የአባቴ ስም መታወቂያዬ ላይ ተጽፏል።»

«አባትሽን ማን ጠየቀሽ? በእኛ አገር ባንክም ብትሄጂ ሆስፒታልም ብትሄጂ የሚጠይቁሽ እናትሽን ነው። አባት ሊያከራክር ይችላል።»

«አስካለ ወርቁ» አልኳት። በትክክል መጥራት እስክትችል ድረስ ደጋግማ አለችው። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ የእናቴን ስም ሌላ ሰው ሲጠራው የሰማሁት ያኔ ነበር።

ክፍሉን አይቼ ስወጣ የፊት ለፊቱን በር ከፈትኩ። ከወጥ ቤት እየሮጠች መጥታ ከእጄ ነጥቃ ዘጋችው፤ ከዚያም ራሷ መልሳ ከፈተችው። «እንግዳ ራሱ በር ከፍቶ ከወጣ አይመለስም» አለች በቁጣ። ሳቅሁባት፤ የተማርኩ ሰው ነኝ። ባቡር ጣቢያው እስክደርስ ግን የደሴው መቀርቀሪያ ቅዝቃዜ ከመዳፌ አልለቀቀም።

ብራዚልን በኳስና በጭፈራ ብቻ ለምታውቁ ወገኖቼ የምመሰክረው ከዚህ ቤት ነው። ጎመን ይበላሉ፤ ግን እንደ ክር አቅጥነው ይከትፉትና እሳት አሳይተው ያወጡታል፤ እናቶቻችን ቢያዩት ጥሬ ነው ብለው ወደ ድስቱ ይመልሱት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቁር ባቄላ ከአሳማ ሥጋ ጋር ቀቅለው ፌይዣዋዳ ይሉታል፤ ለእኔ ያለ ሥጋ በትንሽ ድስት ትሠራልኝ ነበር። በላዩ ፋሮፋ ይነሰነሳል፤ የተቆላ የካሳቫ ዱቄት ነው፤ ሳይበጠበጥ እንደ ቀረ በሶ ጉሮሮ ይይዛል። ከቅዱሳን ጋር ያላቸው ግንኙነት ደግሞ ከእኛ የተለየ ነው። እኛ ለጻድቅ ስለት እንሳላለን፤ እነርሱ ጻድቁን ይቀጣሉ። ሰኔ ላይ ሳንቶ አንቶኒዮ የሚሉትን ቅዱስ ምስል በብርጭቆ ውኃ ውስጥ በጭንቅላቱ ተዘቅዝቆ አገኘሁት።

«ምን አጠፋ?» አልኳት።

«ባል እስኪያመጣ ነው።»

«ለአንቺ?»

«እኔ አንዴ ቀብሬያለሁ፣ ይበቃኛል። ለአንቺ ነው እንጂ።»

ቅዱሱ እስከ ነሐሴ ተዘቅዝቆ ከረመ። አላዘንኩለትም።

በእነርሱ ዘመን መለወጫ ዋዜማ ነጭ ለብሰው ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ አበባ ወርውረው ይመኛሉ፤ ማዕበሉ ወደ ዳር ከመለሰው ምኞቱ አልተፈቀደም ማለት ነው። አላሜዳ ዳርቻ ይዛኝ ሄደች። እናቴ ያን ጊዜ ታማ አልጋ ይዛ ነበር። በሕይወት ልያት ብዬ ወረወርኩ። አበባው ተመልሶ መጥቶ ከእግሬ ሥር ተኛ። ዶና ሉርደስ በጫማዋ ጫፍ ገፋ አድርጋ፣ «ንፋሱ ነው» አለች፤ በንፋስ የምታምን ሴት አልነበረችም።

ቅዳሜ ማታ፣ ደሴ እሑድ ጠዋት ሲሆን፣ እደውል ነበር። መጀመሪያ እናቴ ራሷ ታናግረኝ ነበር፤ ቀጥሎ ይርጋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዞላት፤ በኋላ «ተኝታለች» ማለት ጀመረ። በአንዱ ቅዳሜ ከጀርባው የብዙ ሰው ድምፅ ሰማሁ።

«ማነው እሱ ሁሉ?»

«ጎረቤት ነው። ሊጠይቋት መጥተው።»

«እማዬስ?»

«ተኝታለች።»

በዚያ ሳምንት ዶና ሉርደስ ተለወጠች። ልብሴን አጥባ አጥፋ አልጋዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ማታ ከፍሪሞንት ስገባ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ስጠይቃት፣ «ምንም፣ ምንም» ትላለች። ዓርብ ዕለት፣ «ነገ ማታ ሳን ሆዜ የአገሬ ሰዎች ቅዳሴ አለ፤ ባህል ማየት ትወጂ የለ፣ ነይ» አለችኝ። ቅዳሜ ፌይዣዋዳ አልቀቀለችም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ነው፤ በጫማ ገብተው በወንበር ይቀመጣሉ። ቄሱ ከመጀመሩ በፊት የሚታሰቡትን ሙታን ስም ማንበብ ያዘ፤ ጆዜ፣ ማሪያ፣ ሌላ ማሪያ፣ አንቶኒዮ። ከዚያ፣ «አስካለ ወርቁ» አለ።

በትክክል አለው። አጠራሩን ማን እንዳስጠናው ዐወቅሁ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን በክርስትና ስሟ ነበር የምትጠራው፤ እዚህ ግን ጎረቤት በአጥር በኩል ሲፈልጋት በሚጠራት ስም ተጠራች። ወደ ዶና ሉርደስ ዞርኩ። ፊቷን ከመሠዊያው አላነሣችም፤ እጄን ግን አጥንቴ እስኪያመኝ ጨብጣው ነበር።

መኪና ማቆሚያው ላይ ነገረችኝ። ማክሰኞ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ የማኅበራችን ሰብሳቢ እትዬ ብርቄ መጥታ ነበር። ይርጋ የደወለው ለእርሷ ነው።

«‹እሑድ በማለዳ ብዙ ሆነን እንመጣለን፤ ለቅሶ ስትሰሚ ፖሊስ ኮል እንዳታደርጊ› አለችኝ። ለምን ዛሬ አትነግሯትም ብላት፣ ‹ከእሑድ በፊት ማንም ኦፍ የለውም› አለች።»

«አንቺስ?»

«እንዳልነግርሽ አስማለችኝ። አልነገርኩሽም። ቄሱ ነው የነገረሽ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እኛ የሞተውን በማግስቱ እንቀብራለን። ከሩቅ ያለ ሰው ለቀብር አይደርስም፤ የሚደርሰው ለሰባተኛው ቀን ቅዳሴ ነው። ይህ ካለፈሽ በኋላ እሑድ ምን ያደርግልሻል?»

ሰልስቷ ሲወጣ እኔ ክዳን መጥበቁን እያረጋገጥሁ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ከይርጋ ጀርባ የሰማሁት ጎረቤት ሊጠይቃት አልነበረም የመጣው።

«ነገ ሲያንኳኩ በሩን እኔ እከፍታለሁ» አለች ዶና ሉርደስ። «አንቺ ከወንበርሽ እንዳትነሺ።»

ስልኬን አወጣሁ። ደሴ ነግቷል። የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ በቅደም ተከተል፣ መሐላውን ከሙሉ ቃሉ ጋር። ምሕረት አልነበረበትም።

ይርጋ አነሣው። ድምፁ ከመዘጋቱ የተነሣ ሌላ ሰው መሰለኝ።

«ምን ሆነሃል?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው፣ እታለም። አንቺ ደህና ነሽ? በላሽ?»

«በልቻለሁ። እማዬስ?»

ደሴ ያ የግቢ በር ሲከፈት ሰማሁት፤ መቀርቀሪያው ሲጮህ ዐውቀዋለሁ። ሰው እየገባ ነበር።

«ተኝታለች» አለኝ።

«አትቀስቅሳት» አልኩት።