ለላፕቶፕ ስል የሰጠሁት ይቅርታ

ንፋስ መውጫ ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጠው አንድ ሱቅ ብቻ ነበር፤ እሱም የወንድሜ ልጅ ሱቅ ነው። ሌላ ሱቅ ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

እኔ የዚያን ሱቅ ደጃፍ የምረግጥ ሰው አልነበርኩም። ለሞባይል ካርድ እንኳ ዳገቱን ወጥቼ እስከ መናኸሪያው እሄድ ነበር። ሰው "የወንድምሽ ልጅ ሱቅ እዚሁ እያለ?" ሲለኝ፣ "መራመድ ለጉልበቴ ይሻለዋል" እላለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፤ መራመድም አይሻለውም።

ያስገደደችኝ የልጅ ልጄ ናት። እናቷ የምትኖረው እስቴ ነው፤ እሷ ግን እኔ ዘንድ ሆና እዚህ ኮሌጅ የሕንፃ ንድፍ ትማር ነበር። ያን ዓመት የመመረቂያ ሥራዋን በኮምፒውተር ሠርታ ማስረከብ ነበረባት። የኮሌጁ ኮምፒውተሮች ለተማሪው አይዳረሱም፤ ተራዋ ሲደርስ ደግሞ መብራት ይጠፋል። ካላስረከበች ዓመቱን ትደግማለች። እስቴ እናቷ ዘንድ ሽማግሌ የላከ ሰው ነበር። "ከተመረቀች ሥራ ትይዛለች፤ ካልተመረቀች እንነጋገራለን" ተብሎ ተመልሷል። ልጅቱ ይህን ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ስለ ሽማግሌዎቹ አናወራም፤ ስለ ላፕቶፕ እናወራለን።

የሚያስፈልጋትን ደብተር ላይ ጻፈችና አነበበችልኝ። ያልገባኝን ጠየቅኳት።

"ራም የምትይው ምንድን ነው?"

"እማማ፣ ራም እንደ ጠረጴዛ ነው። ሰፊ ከሆነ ብዙ ወረቀት ይዘረጉበታል።"

"ግራፊክስስ?"

"ንድፉን የሚስለው እሱ ነው። ሕንፃውን ሳዞረው እንዳይንቀራፈፍ።" ከዚያ ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ "ለጌምም ያስፈልጋል" አለች።

"የምን ጌም?"

"የመኪና እሽቅድምድም።"

ተናደድኩ። "ሽማግሌ ደጅ ቆሞ እየጠበቀሽ አንቺ መኪና ልትነጂ?"

"ታዲያ ሌላ መኪና የት አግኝቼ እነዳለሁ እማማ? መንገዱ እንደሆነ ዝግ ነው።"

እውነቷን ነው። ያን ሰሞን መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሦስት ሳምንት ይዘጋል። ደብረ ታቦር ወርዶ አማርጦ መግዛት የሚባል ነገር አልነበረም። ማስረከቢያው ቀን ደግሞ መንገድ አይጠብቅም። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ያለኝን በመቀነቴ ቋጥሬ፣ ወደማልሄድበት ሱቅ ሄድኩ።

ወንድሜ በሩ ላይ ተቀምጧል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እዚያ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው የሚውለው። በእሱ በኩል ለዕርቅ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ "ታምሜያለሁ" ብዬ አስመልሻለሁ።

ለምን እንደሆነ እዚህ ላይ ልናገር። አባታችን ሲሞት ስማዳ ነበርን፤ እኔ ወገዳ ስምንተኛ ክፍል ደርሼ ሚኒስትሪ ተፈትኛለሁ። ወንድሜ ያን ጊዜ ተምሮ ደሞዝተኛ ሆኗል፤ ቤቱም በእጁ ነው። ውጤት ሲለጠፍ ክረምት ነበርና ወንዝ ሞልቶ እኔ መሻገር አልቻልኩም። እሱ በበቅሎ ሄዶ አየ። ሲመለስ "ስምሽ የለም" አለኝ። ማታውን ለእናቴ "ለሴት ልጅ ስምንተኛ ክፍል ይበቃታል" ሲላት ከመደቡ ሥር ሆኜ ሰማሁ። በጥር ለእስቴ ሰው ዳሩኝ። የሠርጌ ዕለት፣ በቅሎዋ ተጭና ቆማ ሳለ፣ አብራኝ ትማር የነበረች ልጅ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ፣ "አልፈሽ ሳለ ለምን ተውሽው? ስምሽን እኮ ከስሜ በላይ አይቼዋለሁ" አለችኝ። በቅሎዋ ላይ አወጡኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሜን አንቱ እለዋለሁ። ሰው አክብሮት ይመስለዋል።

የወንድሜ ልጅ ሁለት ላፕቶፕ አወጣልን። አንዷ ቀጭን፣ ብርማ፣ ሙሽራ የመሰለች። ሌላው ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጥጉ የተፋቀ። ልጅቱ ዓይኗ ጥቁሩ ላይ ቀረ።

ወንድሜ ከበሩ ሆኖ ጣልቃ ገባ። "ቀጭኗ ትበቃታለች። ለሴት ልጅ፣ ለጽሕፈት። ያን ድንጋይ ምን ታደርገዋለች?"

ትበቃታለች። ያው ቃል፣ ያው አፍ። ድምፄን ግን አላነሳሁም። ለወንድሜ ልጅ፣ "ጥመዳት" አልኩት።

"ምን አሉ አክስቴ?"

"አያትህ በሬ ሲገዛ ጠምዶ ጥቂት ትልም ሳያርስበት አይወስድም ነበር። እሱም ጭንጫው ላይ ነው የሚሞክረው። ቀጭኗን ጥመዳትና እንይ።"

ሳቀ። "አክስቴ፣ ይቺ አታርስም!"

"ታዲያ ለምን ትሸጣታለህ?"

ልጅቱ ንድፏንና ጌሙን በፍላሽ ይዛ መጥታ ነበርና ሰካችው። ቀጭኗ ብዙ አስባ ንድፉን ከፈተችው። ሕንፃውን ልታዞረው ስትል ጣሪያው ግማሽ ላይ ቀረ። ጌሙንም ሞከረችው፤ መኪናው መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ።

"ሃንግ አደረገች" አለች ልጅቱ።

"ፕሮግራሙ ከብዷት ነው" አለ የወንድሜ ልጅ።

ጥቁሩን ከፈቱት። እንደ ወፍጮ እያጓራ ሕንፃውን አዞረው። ከዚያ መኪናው ሮጠ። ልጅቱ በየመታጠፊያው ትከሻዋን ወደ ጎን ታዘነብላለች፣ አፏ ተከፍቷል። እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም ነበር። ጭንጫው ጌሙ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ እሱን የቻለ ንድፉን አያቅተውም። ዋጋውን ጠየቅኩ። በመቀነቴ ካለው በላይ ነበር፣ ያውም በብዙ።

"የያዙት ለቀጭኗ ግን ይደርሳል" አለ የወንድሜ ልጅ፣ ሳያየኝ።

ያን ጊዜ ወንድሜ ከወንበሩ ተነሣ። "ልጄ፣ ጥቁሩን በያዘችው ስጣት። የጎደለው በእኔ ይሁን።" ወደ እኔ ዞረ። "አንቺም አንድ ነገር አድርጊልኝ። ልቆርብ ነው። የንስሐ አባቴ ከእህትህ ሳትታረቅ ወደ ቁርባን አትቅረብ ብለውኛል። ሽማግሌ ብልክ መለስሽብኝ። እርጅና ነው እህቴ፣ ሳልቆርብ ብሞትስ?"

ልጁ ቻርጀሩን እየጠቀለለ ነው። የልጅ ልጄ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ አላጠበቀችም፣ አልለቀቀችም። እኔን እንጂ እሱን አታይም።

"ምን እንደበደሉኝ ይናገሩ" አልኩት። "ንስሐ ሲገቡ በደሉ በስሙ ይጠራ የለም? ይጥሩት።"

አንገቱን ደፋ። ከአርባ ዓመት በላይ የጠበቅኩት ይህን ነው፤ ውጤቱ በተለጠፈበት ግድግዳ ላይ ስሜን እንዳየው በአፉ እንዲናገር፣ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

"ጊደሯ" አለ።

"የምን ጊደር?"

"አባታችን ለክርስትናሽ የሰጠሽ፣ ቡሬዋ ጊደር። ሳልነግርሽ ሸጥኳት። ያንቺ ነበረች።"

ጊደሯን ረስቻት ነበር። "ሌላስ?" አልኩ።

አሰበ። ወንድሜ ሲዋሽ ቅንድቡን ይነካል፤ አልነካም። "ሌላ ምን አለ? አባት ሆኜ ድሬሻለሁ። ሰው አድርጌሻለሁ።"

አያስታውሰውም። ወይም ከነአካቴው በደል አድርጎ ቆጥሮት አያውቅም። ያን ጊዜ ብናገር ምን እንደሚመጣ በአንድ ጊዜ ታየኝ። "ለዚህ ነው እንዴ?" ይላል። ወይ ተቆጥቶ ላፕቶፑ መደርደሪያው ላይ ይመለሳል፤ ወይ፣ ይህ የባሰው ነው፣ "እንግዲያው ለሱም ይቅር በዪኝ" ብሎ ከጊደሯ ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎ ይወስደዋል። ልጅቱን አየኋት። እጆቿን አየኋቸው።

"ለጊደሯ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኩ።

ታናሽ እኔ ነኝና ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን የሳምኩት እኔ ነኝ። እሱ አነሣኝ፣ አለቀሰም። የወንድሜ ልጅ የላፕቶፑን ቦርሳ በነጻ ጨመረልን።

ወደ ቤት ስንሄድ ልጅቱ ቦርሳውን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ "እማማ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የተኳረፋችሁት በጊደር ነው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

ሥራዋን በጊዜው አስረከበች፣ ተመረቀችም። የእስቴ ሽማግሌዎች ዳግመኛ አልመጡም። ወንድሜ ቆረበ። እኔ ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ከታረቁ በኋላ የድሮ ነገር ማንሣት ነውር ነው፣ ጎረቤቱም ንስሐ አባቱም በእኔ ላይ ይቆማሉ። እሱ ይህን እያወቀ ይሁን ሳያውቅ እንጃ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየመጣ መደቤ ላይ ይቀመጣል። ውሃ አቀርብለታለሁ። "ላፕቶፑ ይሠራል?" ይለኛል። "ይሠራል" እለዋለሁ። ለጎረቤት "ያስተማርኳት እኔ ነኝ" እንደሚል ሰምቻለሁ። ልጅቱም አያቷ በአንዲት ጊደር አርባ ዓመት ያኮረፈች ሴት እንደሆነች ታምናለች። "አዎ" ያልኳት እኔ ነኝ፣ ያሳመንኳትም እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ ተቀምጦ ልጅቱ መኪናዋን ትነዳለች። ላፕቶፑ ያጓራል። ሥራ ያመለከተችበት ቦታ እስኪጠራት ሌላ የምትሄድበት የለም።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" አላት።

"ጌም ነው አያቴ።"

"በይ ዝጊው። ይበቃሻል።"

እጇ ወደ ክዳኑ ሄደ።

"አይበቃትም" አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል። ምክንያቱን ፊቴ ላይ ሲፈልግ ቆየ፣ አላገኘም፤ ብርጭቆውን አንሥቶ ጠጣ። ልጅቱ ክዳኑን ትታ መኪናዋን መንዳት ቀጠለች።