የአኳሪየሜ አልጌ ከየት እንደሚመጣ ዛሬ ገባኝ

"አንቺ፣ ዓሳው የታለ?" አለችኝ እህቴ፣ ዛሬ ካዛንቺስ ቤቴ እንደገባች፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ።

የጨው ውሃ አኳሪየሜን አልጌ ሸፍኖት ውስጡ አይታይም። እጠርገዋለሁ፣ መልሶ አረንጓዴ ይሆናል። የአኳሪየሙ መብራት ነው የሚያመጣው ስል ከረምኩ።

ውሃውን አብረን ስንመረምረው አልጌ የሚመገበው ፎስፌት ጣራ ነክቷል።

"በቀን ስንቴ ነው የምታበዪው?"

"ጠዋት። ከሥራ ስመለስ። ራት ስበላ። ደግሞ... ማለቴ፣ ወደ መስታወቱ ሲመጣ ዝም ማለት ያሳዝነኛል።"

እህቴ አግብታ ጎተራ ሰፈር ከገባች ወዲህ፣ በር ስከፍት ወደ እኔ የሚመጣው ዓሳው ብቻ ነው። በቃ፣ ሰው ሲናፍቀኝ ዓሳ አበላለሁ። የተረፈው ምግብ ይበሰብስና ፎስፌት ይሆናል፣ አልጌው ይጠግባል። ቤቱ የተመቸው ለአልጌው ነው።

እህቴ ሳቀች፤ ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። መስታወቱን ፈገፈግን፣ ከውሃውም ቀየርንለት።

ስትወጣ "እሱን በቀን አንዴ። ለእኔ ግን በፈለግሽ ሰዓት ደውዪ" አለችኝ።

ታክሲ አሳፍሬያት ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። ዓሳው መጣ፤ አላበላሁትም። ስልኬን አነሳሁ፤ አሁን ለሄደ ሰው መደወል አሳፈረኝና እዚህ ጻፍኩ።

እናንተስ፣ ሰው ሲናፍቃችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ንገሩኝ እስቲ፣ ሁሉንም አነባለሁ።